ምልክቱ የጠፋበት ጠርሙስ

«ጠርሙሱን ለእኔ ይስጡኝ፤ ነገሩ በዚህ ይለቅ!» አሉ አቶ ፈንታ፣ እጃቸውን እንደ ዘረጉ። «ገደሉ ሩቅ አይደለም። ወርውሬው እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን አየ?»

«አልሰጥም» አሉ ጋሼ እንየው።

«መሪጌታ፣ በእመቤቴ! ሚኒባሱ የእኔ ነው። እርስዎ ምን አገባዎት? ትራፊኩ ‹ከፍጥነት በላይ በማሽከርከር› ብሎ ጽፎ ጨርሷል። የተጻፈ ነገር መነካካት ምን ይባላል?»

«የተጻፈ ነገር ስሕተት ካለበት ይፋቃል። እኔ ብራና ስፍቅ ነው ያደግሁት።»

የጋሼ እንየው ባለቤት እትዬ ብርቄ መደቡ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ስድሳ ስድስት ዓመትህ ነው» አሉ። «ጉልበትህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንኳ አያደርስህም። እስር ቤት ገብተህ ልትወጣ ነው? ሬሳህን ነው የሚልኩልኝ።»

ጋሼ እንየው ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡትን ጠርሙስ አገላበጡት። ከአቶ ፈንታ ሚኒባስ የተነቀለ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ነው፤ ፕላስቲክ፣ ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ፣ ዙሪያውን ብርማ ቀለም የተቀባ። ያምር ነበር። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ያምር ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ሳምንት እትዬ ብርቄ ስልክ ደወሉልኝ። «እንደ ፈራሁት ሬሳውን ላኩልኝ» አሉ። ስልኩን ዘጉት። 

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን ውስጥ ጋሼ እንየውን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነበር። «መሪጌታ ቀለም» ነበር የሚሏቸው። መሪጌታ አልነበሩም። ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ዜማ ተምረው፣ ሳያስመሰክሩ፣ ማለትም መሪጌታ የሚያሰኘውን ማዕረግ ሳያገኙ፣ የወጡ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሾፌሮች ናቸው፤ ግማሹ ፌዝ፣ ግማሹ ፍቅር። የሚተዳደሩት ቀለም በመቀባት ነው። የሱቅ በር፣ የመቃብር መስቀል፣ የመኪና ላይ ጽሑፍ፣ የተገኘውን ሁሉ ይቀባሉ። ብሩሻቸውን የሚጠርጉት በኮታቸው ግራ ጫፍ ስለ ነበር፣ ያ ጫፍ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ሲራመዱ ታፋቸውን ይመታቸዋል። ከሩቅ በድምፁ እናውቃቸዋለን።

የራሳቸውን ቤት በር በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይቀቡት ነበር። የድሮውን ቀለም ሳይፍቁ አዲሱን ስለሚደርቡበት፣ በሩ ወፍሮ ወፍሮ በአንድ ጊዜ አልዘጋ አለ። ሁለት ጊዜ ካልሳቡት አይይዝም። እትዬ ብርቄ፣ «የሰው በር ታሳምራለህ፤ የኛ በር ግን አይዘጋም» ይሏቸዋል። እሳቸውም፣ «ያማረ በር ሲከፈት ነው የሚታይ» ይላሉ።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያገናኘን የመኪና ጽሑፍ ነው። ግጥም የሚያስተምር ሰው አላገኘሁም፤ በራሴ ነው የሞከርሁት። በዚያ ጊዜ ሁለት ስንኝ ጽፌ የሚያስነብብልኝ የሚኒባስ ጀርባ ብቻ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ ጋሼ እንየው በቀለም ያሰፍራሉ። ፊደላቸው የብራና ፊደል ነው፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል። መጥፎ ስንኝ እንኳ በእሳቸው እጅ ሲጻፍ የአባቶች ቃል ይመስላል። ከዚህ የተነሣ ብዙ መጥፎ ስንኝ ጽፌያለሁ።

ስለ መኪና ሲያወሩ በዜማ ቤት ቋንቋ ነው። ሞተር ሲንቀጠቀጥ «ርክርክ አብዝቷል» ይላሉ። ፍሬንን «ይዘት» ነው የሚሉት። ይዘት በድጓ መስመር ላይ የምትቀመጥ ነጥብ ናት፤ ዜመኛውን «እዚህ ላይ ያዝ» የምትል ምልክት። የአቶ ፈንታ ሚኒባስ ሾፌር ደሴ በጠዋት ሲያልፍ ከሩቅ ይጠሩታል።

«ደሴ! ይዘትህ እንዴት አደረ?»

«እግዜር ይመስገን፣ መሪጌታ! ይይዛል!»

«ይያዝ። የማይይዝ ዜማም የማይይዝ መኪናም ገደል ነው።»

ደሴ ይስቃል። ሰላሳ ያልሞላው፣ ሲስቅ ዐይኑ የሚጠፋ ልጅ ነበር።

ከቤተ ልሔም ለምን ሳያስመሰክሩ እንደ ወጡ የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አሮጌ የእህል መኪና ላይ ሁለታችንም ብርጭቆ ወረቀት ይዘን ዝገት ስንፍቅ ነበር። ተማሪ የራሱን ድጓ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ከቃሉ በላይ ምልክቶቹን በቀጭኑ ይደረድራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል። ወጣቱ እንየው ጽፎ ሲጨርስ መጽሐፉ ደረቅ መሰለው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም በጠበጠ። በየገጹ ሐረግ ሳለ። ሐረጉ ከኅዳግ ተነሥቶ በመስመሮቹ መካከል ገባ፤ ቅጠሉና ጠምዛዛው ምልክቶቹን ዋጣቸው።

«መምህሬ ዐይናቸው ደክሟል» አሉኝ። «መጽሐፉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። አንዱን ገጽ ሊያዜሙ ጀመሩ፤ ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ ቆሙ። ከዚያ መጽሐፉን መለሱልኝና ‹ልጄ፣ አሳምረኸዋል፤ ግን አይዜምም› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብፍቀው ብራናው ሳሳ። ብተወው ነውር ሆነ። በሳምንቱ ወጣሁ።» ብርጭቆ ወረቀቱን ገልብጠው ባልተበላው ፊት መፋቅ ቀጠሉ። «ምልክት የሌለው ድጓ ፊደል ብቻ ነው፣ አንት ልጅ። ፊደልማ በግም አለው፤ ቆዳው ላይ ይጻፍበታል።»

ያ ድጓ እቤታቸው ግድግዳ ላይ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ሲያወርዱት አይቼ አላውቅም።

ወደ ሞተር ቅብ የገባነው በእኔ ስልክ ነው። አንድ ቀን ፈረንጅ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን ዙሪያውን ሲቀባ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ ሆኖ ሲያበራ ጋሼ እንየው ስልኬን ከእጄ ወሰዱት። «ውስጡንም? ማንም የማያየውን?» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። የተራበ ሰው ፊት ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራችን ቅባቱን ሳናጥብ የተቀባ ስለ ነበር በሦስተኛው ቀን ቀለሙ እንደ እባብ ቆዳ ተገፎ ወረደ። ሁለተኛው የባሰ ነው። የእህል መኪናውን የጭስ ቱቦ በበር ቀለም ቀባነው። አርብ ዕለት ገበያው ሲሞላ ቱቦው ጋለና መኪናው በነጭ ጭስ ተሸፈነ። ላዩ ላይ የተጫኑት ሰዎች ከነዶሯቸው ዘለሉ። አንድ ሽማግሌ በጉን በትከሻው እንደ ተሸከመ ማተቡን ጨብጦ ይጸልያል። ደሴ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ «መሪጌታ! መኪናውን አጠኑት እንዴ?» አለ። ጋሼ እንየው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የመጨረሻው ጊዜ ይመስለኛል፤ ወይም የማስታውሰው የመጨረሻው እሱን ነው።

ጥር ላይ አቶ ፈንታ መጡ። ሚኒባሱን ሊሸጡት ነው፤ ገዥው ከመካነ ኢየሱስ ይመጣል። «ኮፈኑ ሲከፈት አዲስ ይምሰል» አሉ። ደሴ ለክርስትና አገሩ ሄዶ ስለ ነበር መኪናው ቆሟል። ሦስት ቀን ሠራን። በዚህ ጊዜ አጠብን፣ ፋቅን፣ የማይቀባውን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈንን። ጋሼ እንየው የሞተሩን ክዳን ቀይ ሲቀቡ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያ ጠርሙስ ቀረ። ዕድሜ ቢጫ አድርጎታል። አቶ ፈንታ አዩትና፣ «ይሄስ? የሽማግሌ ጥርስ መስሎ ሁሉን አበላሸው። እሱንም ያሳምሩት» አሉ።

ጋሼ እንየው ጎንበስ አሉ። ጠርሙሱ ጎን ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። በጣታቸው ዳሰሷቸው።

«እነዚህ ጭረቶች ምንድን ናቸው?»

«የፋብሪካ ነዋ» አሉ አቶ ፈንታ።

«ፈረንጁ ይሄን በፕላስተር ሸፍኖት አልነበር?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ሸፍኖት ነበር። ለምን እንደ ሸፈነው ግን አላየንም፤ ቪዲዮው ሳያልቅ ዳታዬ አልቆ ነበር። ያኔ አላውቅም ማለት ስንት ዋጋ እንዳለው አላውቅም ነበር። «ለመጨረሻ ያስቀረው ይሆናል» አልኋቸው። «ብርማ ቢሆን ያምራል።»

ጋሼ እንየው፣ «እውነት ነው፤ የሚያምረው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣ» አሉ። ብሩሹን ነከሩ። ሁለቱ መስመሮች በሁለት ምት ጠፉ።

ያን ዕለት ለሚኒባሱ ጀርባ ስንኝ ሰጠኋቸው።

*መሄድማ ይሄዳል ጎማ ያለው ሁሉ፣*
*ቁም ነገር ነው እንጂ የጠፋበት ውሉ።*

ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሰሙ ደኅና ነው» አሉ። «ወርቁ ግን ‹ቁም› የሚለው ላይ ነው ያለው፤ መቆም ነው የጠፋው ትላለህ። ሰው ከሚጫንበት መኪና ላይ ይሄን ልጻፈው?» እኔ በብልሃቴ ደስ ብሎኝ ነበር። «ማን ይገባዋል?» አልኋቸው። ጻፉት።

ገዥው መጣ፣ አደነቀ፣ ሳይገዛ ሄደ። ደሴ ተመለሰ። ኮፈኑን ከፍቶ አፏጨ። «ሙሽራ!» አለና መልሶ ዘጋው። በማግሥቱ ወደ ሥራው ገባ።

ደሴ በየጠዋቱ ኮፈን ከፍቶ ጠርሙሱን የማየት ልማድ ነበረው። በፕላስቲኩ ውስጥ ዘይቱ እስከ የት እንዳለ ይታያል፤ መስመሮቹም ለዚያ ነበሩ። ቀለም ከተቀባ በኋላም ልማዱን አልተወም፤ ከፍቶ ያያል፣ ይዘጋል። የሚያየው ግን ብር ነው። ከኋላ ጎማ በኩል ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ስንት ሳምንት እንደ ፈሰሰ ማንም አያውቅም። ደሴ ኋላ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ነገረኝ፤ «ያማረ ነገር ጎዶሎ አይመስልም፣ ወንድሜ።»

አርብ ነበር። ሚኒባሱ ከነፋስ መውጫ ገበያተኛ ጭኖ ወደ እኛ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አልያዘም። ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባ። ደሴ ወደ ገደሉ እንዳይሄድ ወደ ተራራው ግድግዳ ዞረ። ሦስት ሰው ሞተ፤ ምስር ልትሸጥ የመጣች እናትና ሁለት ወንድማማቾች። ደሴ እግሩ ተሰበረ። ከጤና ጣቢያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ በሰው ትከሻ ወሰዱት። የሚኒባሱ ጀርባ ምንም አልሆነም። ሬሳ ሲያወጡ የቆመው ሰው ሁሉ ስንኜን አነበበ። ያን ጊዜ ወርቁ ገባው።

መኪናው ኮፈኑ ሳይከፈት ከተመረመረ በኋላ አቶ ፈንታ ግቢ ተጎትቶ ገባ። በዘጠነኛው ቀን ጋሼ እንየው መጥተው፣ «ና» አሉኝ። ሄድን። አቶ ፈንታ አልነበሩም። የተጨማደደውን ኮፈን በብረት ፈልቅቀን ከፈትነው። ራዲያተሩ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል፤ ቀዩ ክዳን ተሰንጥቋል። ጠርሙሱ ጭረት እንኳ አልነካውም። ጋሼ እንየው ክዳኑን ፈቱት። ጣታቸውን አስገቡ፤ አወጡት። ደረቅ ነው። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀለሙን ይፍቁት ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ ብራና እንደሚፍቅ ሰው። የታችኛው መስመር ወጣ።

«አንት ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ከአደጋው ማግሥት በስልኬ ፈልጌ አንብቤው ነበር። ስምንት ቀን ይዤው ኖሬያለሁ። «ዘይቱ ከዚህ በታች ከወረደ አትንዳ ማለት ነው» አልኋቸው።

«ምልክት ነበር በለኛ።»

መፍቻ አውጥተው ጠርሙሱን ነቀሉት። ኮታቸው ውስጥ ደብቀውት እቤታቸው ገባን። አቶ ፈንታ ከጎረቤት ሰምተው ተከትለውን መጡ። ያ ጭቅጭቅ የተነሣው እንዲህ ነው።

«የሞተ አይመለስ» አሉ አቶ ፈንታ፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ደሴ ልጅ ነው፤ ጊዜውን ጨርሶ ይወጣል።»

«ሦስት ነፍስ በጫንቃው ይዞ ነዋ የሚወጣው! ትናንት ስንቅ ይዤለት ሄድሁ። ‹መሪጌታ፣ ዘግይቼ ረግጬ ይሆን?› ይለኛል። ‹ተዘናግቼ ይሆን?› ይለኛል። አላጠፋሁም ማለት እንኳ ትቷል፣ ፈንታ። ገደልሁ ብሎ ማመን ጀምሯል።»

«እኔንስ? የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቱ ለምን አልተጠገነም ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ስምዎን አላነሣም። የሚጠይቁዎት ካለ ራስዎ ይመልሱ። ብሩሹ ግን በእኔ እጅ ነበር።»

«ይግባና ይሙት በሉታ!» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

አቶ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ባለቅኔ! እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩህ። ንገራቸው እንጂ!»

ሁሉም አዩኝ። ልናገር የምችለው ብዙ ነበር። ብርማ ቢሆን ያምራል ያልሁት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አብሬዎት እሄዳለሁ ማለት እችል ነበር። ያልሁት ግን ይህን ነው፤ «ጋሼ እንየው… ስንቀባው ማንም አላየ እኮ።»

ጋሼ እንየው ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። «አንተ አይተሃል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አርብ ገበያ ያውቀዋል። ደሴ ከአንድ ወር በኋላ እያነከሰ ወጣ። ጋሼ እንየው ገቡ። ሰው ግማሹ «ጻድቅ ናቸው» አለ፤ ግማሹ «ማን ጠየቃቸው? ቀለም በዛባቸው» አለ። ሁለቱም ወገን ሊጠይቃቸው የሄደው ጥቂት ቀን ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ብቻ ሄጃለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ ስለ ዝናብ አወራሁ። በቀብራቸው ዕለት ደሴ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። አፈር ሲመለስ ቀርቦ በእጁ ሦስት ጊዜ ጨመረ፤ እያነከሰ ሄደ።

እኔ ግን ሳስታውሳቸው የማያቸው በዚያ ከሰዓት፣ በዚያ ቤት ነው። ተነሡ። ጉልበታቸው ጮኸ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማኅደር አወረዱ፤ አቧራውን በኮታቸው ግራ ጫፍ ጠረጉት። ድጓውን አውጥተው መደቡ ላይ አኖሩት። መጽሐፉ በራሱ ተከፈተ። ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው ሐረግ ከአርባ ዓመት በኋላም ትኩስ ነበር፤ ትናንት የተሣለ ይመስላል። እትዬ ብርቄ መጽሐፉን ተከፍቶ አይተውት አያውቁም መሰለኝ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሼ እንየው ጠርሙሱን ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ፤ ጠፍሩን አጥብቀው በትከሻቸው አነገቱት። ልክ መጽሐፍ ይዞ ወደ መምህሩ እንደሚሄድ ተማሪ ሆኑ።

«መጽሐፉስ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ይቅር። ሁለቱንም አሳምሬያቸዋለሁ፤ አይዜሙም።»

አቶ ፈንታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጋሼ እንየው ፊታቸው ደርሰው ቆሙ፤ አልገፉም። እትዬ ብርቄ ከመደቡ ተነሡ። ለመከልከል መስሎኝ ነበር። ጋቢውን አንሥተው ባላቸው ትከሻ ላይ፣ ከማኅደሩ በላይ አለበሷቸው፤ ጫፉን አስተካከሉ።

«እዚያ ይበርዳል ይላሉ» አሉ።

አቶ ፈንታ ከበሩ ዞር አሉ።

ጋሼ እንየው ወጡ። የኮታቸው ጫፍ ታፋቸውን ሲመታ ሰማሁት። ከውጭ ሆነው በሩን ሳቡት፤ እንደ ልማዱ አልዘጋም፤ መለስ ብሎ ብርሃን አስገባ። ሁለተኛ ሳቡት።

ያዘ።